የእኔ ፓራፋንጎ እና የኦቾሎኒ ሻጯ እግር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ መኪና ኢንሹራንስ ነው። ሰምታችሁ እንዳትዘጉት። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ እስከ ዛሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ድሬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከምሳ በኋላ ከተማው ጭር ይላል። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ወይ ይቅማል ወይ ይተኛል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ከሳቢያን ወደ ከዚራ እየተመለስኩ ነበር። መንገዴ ላይ አንድ ዛፍ ስር የባቢሌ ኦቾሎኒ በስኒ እየሰፈረች የምትሸጥ እናት አለች። እድሜዋ ከእናቴ አያንስም። አንድ ቀን አንቱ ብያት “ምነው አራቅሺኝ?” ብላ ተቀይማኛለች። ድሬ ነው፣ አንቺ ነው የምንባባለው።

ጥግ ይዤ ቆምኩ። ከመኪናው አልወረድኩም፣ ሙቀቱ አያስወርድም። በመስኮት 50 ብር ሰጠኋት፣ ኦቾሎኒውን ሰጠችኝ፣ 30 ብር መልስ ልታመጣ በመኪናው አፍንጫ በኩል ዞረች። ከኋላዬ አይሱዙ መጣ። ግራ ጎኔን ከኋላ ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከጎማው በላይ ካለው ላሜራ፣ እስከ ስፖኪዮ ላጠው። መኪናዋ ተንጣ ቆመች። አይሱዙው ፍሬን እንኳን አልያዘም። ቀና ስል እማማ አስፋልት ላይ ናት።

ኦቾሎኒው መንገዱ ላይ ተበትኗል። እግሯ ከጉልበቷ በታች ልክ ባልሆነ አቅጣጫ ታጥፏል። እጇ ግን እንደተጨበጠ ነው። አልጮኸችም። “መልስሽ” አለችኝ። 50 ብሯን ጨብጣ ይዛታለች።

አንድ የባጃጅ ልጅ ከየት መጣ ሳልል ደረሰ። እሱ ነው አይሱዙው ሲያልፍ ያየው። አረንጓዴ ታርጋ፣ ኮድ 3፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ብቻ። ወዲያው በኳስ ብዕር መዳፉ ላይ ጻፋቸው። እሷን በባጃጁ ወደ ሆስፒታል ሲወስዳት እኔ “መኪናሽን እንዳታንቀሳቅሺ፣ ትራፊክ ይምጣ” ተብዬ ቀረሁ። መቅረቴ እስከ አሁን ይከነክነኛል። ግን ያ መቅረት ነው በኋላ የጠቀማት።

የትራፊክ ፖሊሱ መጣ። በሜትር ለካ፣ ፕላን አነሳ። አንድ ነገሩን አልረሳውም። በርከክ ብሎ ከአስፋልቱ ላይ የተሰበረ የፍሬቻ ፕላስቲክ ለቀመ። ከእኔ መኪና አልነበረም። ሰማያዊ ቀለም የነካው ጫፍ ነበረው። በጋዜጣ ጠቀለለና ላዩ ላይ ቀንና ሰዓት ጻፈበት። “ሰውየው ቢሄድም ይሄ ቀርቷል” አለኝ።

ሆስፒታል ስደርስ የባጃጁ ልጅ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ይከራከራል። መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ ተብሏል። ፖሊሱ በስልክ ምን እንደምል ነገረኝ፣ እኔም ያንኑ ደገምኩ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799፣ በተሽከርካሪ የተጎዳ ማንኛውም ሰው እስከ 2,000 ብር (የያኔው ጣሪያ ነው) የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው ይላል። የገጨው ታወቀም አልታወቀም። ሠራተኛዋ ዝም ብላ ካርድ አወጣች። እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን እኔ በዚያች ደቂቃ ነው የሰማሁት። ስንት ዓመት መኪና ነድቻለሁ፣ ስንት ጊዜ ስቲከር መስታወቴ ላይ ለጥፌአለሁ!

በማግስቱ ገራዥ ሄድኩ። ባትላሜራ ሠሪው ጎበዝ ሰው ነው፣ ለዓመታት የማውቀው። መኪናዋን ዞሮ አየና “እህቴ፣ ገጭቶ ጠፋ ካልሽ ትንከራተቻለሽ። ዛፍ ገጨሁ በይ፣ ቶሎ ያልቅልሻል” አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ሙሉ ሽፋን ስላለኝ ዛፍ ብገጭም ይከፈለኛል፣ ታዲያ ምን ለወጠ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ የዛሬውን ክፍል የቀዳሁት ለዚህ ነው።

የገጨው ቢያዝ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በዚያው አዋጅ የእኔን መኪና ጉዳት የእሱ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እስከ 100,000 ብር ይከፍላል፣ የእሷን አካል ጉዳት ደግሞ እስከ 40,000 ብር። የያኔው ጣሪያ ይሄ ነበር። ከጠፋ ግን እኔ በሙሉ ሽፋኔ እጠገናለሁ። ሦስተኛ ወገን ብቻ ቢኖረኝ አልጠገንም ነበር፣ ምክንያቱም ሦስተኛ ወገን እኔ ሌላው ላይ ላደረስኩት እንጂ በእኔ ለደረሰው አይከፍልም። እሷስ? ኢንሹራንስ የሚባል ነገር በእጇ የለም። ለእንደዚህ ያለው ሰው የመድን ፈንድ አለ። ከሁላችንም የሦስተኛ ወገን አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ በየዓመቱ ከምንከፍለው፣ ላይ ተቀንሶ የሚጠራቀም ነው። የገጨው ተሽከርካሪ ካልታወቀ፣ ወይም ኢንሹራንስ ከሌለው፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሳ ይከፍላል። ለተላጠ ፓራፋንጎ አይከፍልም። ለተሰበረ እግር ነው። አሁን በመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ስር ነው።

ፈንዱ ግን የፖሊስ ማስረጃ ይፈልጋል። በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ፣ ያልታወቀ ተሽከርካሪ ሰው ገጨ የሚል። እኔ “ዛፍ ገጨሁ” ብዬ ብፈርም አይሱዙ አልነበረም ማለት ነው። አይሱዙ ከሌለ እሷን ማን ገጫት? በእኔ ቃልና በእሷ ቃል መካከል ተቃርኖ ይፈጠራል። ለእኔ የአንድ ሳምንት ማቅለያ የሆነችው ውሸት የእሷን ፋይል ትዘጋለች። ባትላሜራውን ይህን ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠ። “አቦ፣ ይሄንን አላሰብኩትም” አለ።

እውነቱን ጻፍኩ። የፖሊሱ ሪፖርት፣ ፕላኑ፣ የባጃጁ ልጅ ምስክርነት፣ መንጃ ፈቃዴ፣ ሊብሬው፣ የሦስት ገራዥ ፕሮፎርማ። ኢንሹራንሱ ገምጋሚ ላከ። ጥገናው 64,000 ብር ወጣ። ከዚያ ያልጠበቅኩት መጣ።

መኪናዋን በ2010 ዓ.ም. በ400,000 ብር ነው የገዛኋት። በየዓመቱ ሳሳድስ አረቦኑ እንዳይጨምርብኝ ዋጋውን እንዳለ እተወዋለሁ። በ2015 የገበያ ዋጋዋ 800,000 ገብቷል። ስለዚህ የመድን ሽፋኔ ግማሽ ነው። ለቀሪው ግማሽ ራሴ የራሴ መድን ሰጪ ነኝ ማለት ነው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው እንዲህ የሚለው። የ64,000 ግማሽ 32,000 ነው። ከዚያ ላይ ውሌ ውስጥ ያለው 3,000 ብር የራሴ ድርሻ ተቀነሰ። 29,000 ብር ደረሰኝ፣ 35,000 ከኪሴ። በሚቀጥለው ዓመት ያለ አደጋ ሲቆይ የሚሰጠው ቅናሽም ቀረ።

ተናድጄ ነበር። እውነት ለመናገር አሁንም ይቆጨኛል። አምስት ዓመት ሙሉ አረቦን ሲቀበሉኝ አንድ ሰው “የመኪናሽ ዋጋ ተለውጧል፣ አስተካክይ” ሊለኝ ይገባ ነበር። ሕጉ ትክክል ነው፣ ዝምታቸው ግን ትክክል አልነበረም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በኋላማ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ታዩታላችሁ። እባካችሁ ዛሬ ማታ ፖሊሲያችሁን አውጡ፣ የተጻፈውን ዋጋ እዩ። ደላላ ጠይቁ። ቁጥሩ ከገበያው ከራቀ ነገ ደውላችሁ አስተካክሉት።

አይሱዙው አልተገኘም። ሁለት ቁጥርና አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ አልበቃም። ሹፌሩ ምናልባት ሰው መግጨቱን አላየ ይሆናል እያልኩ ብዙ ሌሊት አስቤለታለሁ። ግን ሲላተም የወጣው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰምቷል። ሕጉ ቁም፣ የተጎዳ እርዳ፣ ለፖሊስ አሳውቅ ነው የሚለው። ቆሞ ቢሆን ኢንሹራንሱ ይከፍልለት ነበር።

የእሷን ማመልከቻ እኔ ነኝ የጻፍኩላት። ሐኪም ማስረጃ ለማውጣት ሁለት ጊዜ አብረን ተመላለስን፣ እሷ በክራንች፣ እኔ ፋይሉን ይዤ። መጨረሻ ላይ ቅጹ ላይ በጣቷ ፈረመች። አውራ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም በሽርጧ ጫፍ ጠርጋ፣ ቅጹን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

“የገጨኝ ሰውዬ ጠፍቷል ብለሽኛል። ታዲያ ይሄ የማን ብር ነው?”

“መኪና የሚነዳ ሁሉ በዓመት አንዴ ከሚከፍለው ላይ የሚነሳ ነው።”

“ካንቺም አለበት?”

“ከእኔም አለበት።”

ትንሽ አሰበች። ክራንቿን አነሳች።

“እንግዲያስ የሠላሳ ብርሽን መልስ ሳልሰጥሽ አልቀርም” አለችኝ፣ መቀነቷን እየፈታች።