ከባትሪው እስከ ኢንቨርተሩ፦ ሊቲየም ባትሪን በቤት ውስጥ በጥንቃቄ ስለ መግጠም

(ምስል፦ ለገጣፎ። ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት፤ ከደረጃው ሥር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኢንቨርተር፣ ከሥሩ ወለል ላይ የተቀመጠ ባትሪ።)

በምስሉ ላይ የሚታየው ባለ 51.2 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ሲሆን፣ ከበላዩ ያለው ደግሞ 5 ኪሎዋት የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃዎች ወደሚጠቀሙበት ኃይል የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ሁለቱን የሚያገናኙት ቀይና ጥቁር ኬብሎች ርዝመታቸው ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የዛሬው ማብራሪያችን በአመዛኙ ስለዚህች አንድ ሜትር ነው፤ ምክንያቱም የባትሪው ውስጥ ከፋብሪካ ተዘግቶ የመጣ በመሆኑ፣ ገጣሚው ሊያሳምረውም ሆነ ሊያበላሸው የሚችለው ነገር ያለው ከዚያ ውጭ ነው።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን ዳር እስካለው የመጨረሻ ምሰሶ ድረስ ማድረስ ለየቅል ሥራዎች ናቸውና፣ በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታና በገላን ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ መስመር ላይ ሲወድቅ መብራት ይሄዳል። በጄኔሬተር ጩኸትና በነዳጅ ወጪ የተማረረ ቤተሰብ ወደ ሊቲየም ባትሪ ፊቱን ቢያዞር የሚያስገርም አይሆንም።

ብዙ ሰው ሊቲየም ሲባል ወዲያው የሚታየው የሚፈነዳ ስልክ ነው። ለቤት የሚሸጡት ባትሪዎች ግን አብዛኞቹ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ሲሆኑ፣ በዚህ ኬሚስትሪ ውስጥ ኦክስጅኑ ከፎስፈረሱ ጋር አጥብቆ የተያያዘ በመሆኑ፣ በስልክና በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ካሉት ኮባልትና ኒኬል ካለባቸው ዓይነቶች ይልቅ ሙቀትን ይታገሣል። ባትሪው የተሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች ሕዋሳት ይባላሉ፤ የእያንዳንዱ ሕዋስ ስመ ቮልቴጅ 3.2 ነው፤ 16 ሕዋሳት በተከታታይ ሲያያዙ 51.2 ቮልት ይሆናል። ስያሜው 3.6 ወይም 3.7 ቮልት የሚል ሕዋስ ካጋጠመ ኬሚስትሪው ሌላ ነው ማለት ነው። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለችበት ከ2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመብዛቱ፣ ከተጋጨ መኪና የወጣ ባትሪ ለቤት ገዝቶ ማስገጠም የሚያጓጓው ሰው አይጠፋም። በእኛ እምነት፣ የኬሚስትሪውን ዓይነትና የደረሰበትን ጉዳት ሻጩ በመረጃ ማሳየት የማይችል ከሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ሰው ተኝቶ በሚያድርበት ቤት ውስጥ መግባት የለበትም።

(ምስል፦ የባትሪው የፊት ገጽ ከቅርብ፤ የቢኤምኤሱ ትንንሽ መብራቶች።)

ገዢው ስለ አደጋ ሲጠይቅ ሻጩ ዘወትር የሚመልሰው፣ «ቢኤምኤስ አለው፤ ሐሳብ አይግባዎት» የሚል ነው። ቢኤምኤስ የእያንዳንዱን ሕዋስ ቮልቴጅና ሙቀት እየተከታተለ፣ ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ከልክ በታች ሲወርድ ወይም ብዙ ከረንት ሲፈስ ግንኙነቱን የሚያቋርጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ጥቅሙ አያጠራጥርም። ነገር ግን የሚያቋርጠው በትራንዚስተሮች፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነው፤ ትራንዚስተር ደግሞ ከአቅሙ በላይ የሆነ ከረንት ሲያገኘው አንዳንድ ጊዜ የሚበላሸው እንደ ተዘጋ፣ ማለትም ከረንቱን እንዳሳለፈ ነው። ስለዚህ ቢኤምኤስ የፊውዝን ሥራ አይተካም።

ፊውዝ ለምን አስፈለገ? የሊቲየም ባትሪ የውስጥ መቋቋሙ፣ ማለትም ከረንት እንዳይፈስ የሚያግደው ነገር፣ በጣም አነስተኛ ነው። ቀዩና ጥቁሩ ኬብል ቢነካኩ፣ ወይም የሠራተኛው የብሎን መፍቻ ተንሸራቶ ሁለቱን ጫፎች ቢያገናኝ፣ በቅጽበት የሚፈሰው ከረንት በሺዎች በሚቆጠር አምፔር ይለካል። አሮጌው አሲድ ባትሪም በዚህ ረገድ የዋህ አልነበረም፤ ሊቲየሙ ግን ቮልቴጁ ሳይወርድ ስለሚሰጥ ይብሳል። ይህን የሚያቆመው በአዎንታዊው ኬብል ላይ፣ ለባትሪው በተቻለ መጠን ቀርቦ የተገጠመ ፊውዝ ነው። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው የኬብል ቁራጭ ምንም ጥበቃ ስለሌለው ማጠር አለበት። በአሜሪካ የመዝናኛ ጀልባዎችን የሚመለከተው የኤሌክትሪክ መመዘኛ ይህን ርቀት በመሠረቱ በ18 ሳንቲሜትር ገደማ ይወስነዋል። ጀልባ ላይ እሳት ሲነሣ የሚሸሽበት ቦታ የለምና ባሕረኞቹ ጠንቃቆች መሆናቸው አይፈረድባቸውም፤ እኛም ብንኮርጃቸው አንጎዳም።

ፊውዙ ላይ ከአምፔሩ ሌላ ሁለት ቁጥሮች መነበብ አለባቸው። የመጀመሪያው የዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ከረንት) ቮልቴጁ ነው። በየመለዋወጫ ሱቁ በርካሽ የሚገኘው የመኪና ፊውዝ በአብዛኛው 32 ቮልት ድረስ ብቻ የተሠራ ስለሆነ፣ ሲሞላ ከ56 ቮልት በላይ ለሚደርስ ባትሪ አይሆንም። ሁለተኛው፣ ሳይፈነዳ ሊያቋርጠው የሚችለው ከፍተኛ ከረንት ሲሆን በኪሎ አምፔር ይጻፋል። ክላስ ቲ የሚባለው የፊውዝ ዓይነት 20 ኪሎ አምፔር ድረስ በዲሲ ማቋረጥ ስለሚችል ለሊቲየም ተመራጭ ሆኗል። ካልተገኘ ለዲሲ የተሠራና ቮልቴጁና የማቋረጥ አቅሙ በግልጽ የተጻፈበት ሌላ ፊውዝ መጠቀም ይቻላል፤ ጽሑፉ የማይነበብ ፊውዝ ግን እንደሌለ ይቆጠራል።

(ምስል፦ ሁለት ብሬከሮች ጎን ለጎን፤ አንዱ ከቆጣሪ ሳጥን የወጣ ተራ ብሬከር፣ ሌላው የዲሲ።)

ቆጣሪ ሥር የምናውቀውን ተራ ብሬከር ለባትሪ መግጠም በብዙ ቤት የሚታይ ስሕተት ነው። የመብራት ኃይል ከረንት 50 ኸርዝ በመሆኑ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል፤ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው የእሳት ቅስት በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። የባትሪ ከረንት ግን ዜሮ የሚነካበት ጊዜ ስለሌለው፣ ቅስቱ በተከፈቱት ብረቶች መካከል እየነደደ ብሬከሩን ራሱን ሊያቀልጠው ይችላል። የዲሲ ብሬከሮችም ቢሆኑ አንዳንዶቹ የፕላስና የማይነስ አቅጣጫ አላቸው፤ ተገልብጠው ከተገጠሙ ቅስቱን የሚያጠፋው ማግኔት ወደ ተሳሳተው ወገን ይገፋዋል።

በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ የሚወርድ በመሆኑ፣ ስስ አየር ቅስትን በደንብ አያጠፋም፣ ሙቀትንም በደንብ አይወስድም። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መመዘኛዎች ለብሬከርና ለመሰል ዕቃዎች የሚያስቀምጡት መነሻ ከፍታ 2,000 ሜትር ነው፤ ለ3,000 ሜትር በብረቶች መካከል ያለው ክፍተት በ1.14 ተባዝቶ እንዲሰፋ ይጠይቃሉ። ብዙ የኢንቨርተር መመሪያዎችም ከተወሰነ ከፍታ በላይ አቅማቸው እንደሚቀንስ ይገልጻሉ፤ ይህ መስመር ግን ከመጨረሻው ገጽ በትንሽ ፊደል ስለሚጻፍ የሚያነበው ጥቂት ነው። በእኛ አካባቢ ብሬከርም ሆነ ኢንቨርተር ከስሌቱ አንድ እርከን ከፍ አድርጎ መግዛት ቅንጦት አይደለም።

ኬብሉን እንመልከት። ኢንቨርተሩ 5 ኪሎዋት ሙሉ ሲሰጥ፣ ባትሪው 48 ቮልት ላይ ቢሆንና ብቃቱን 92 በመቶ ብንወስድ፣ ከባትሪው የሚወጣው 113 አምፔር ገደማ ነው። ለዚህ 35 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ኬብልና 150 አምፔር ፊውዝ ይስማማሉ። እዚህ ላይ ሌላም ነገር ይገለጣል፦ የብዙ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች ቢኤምኤስ በቋሚነት የሚፈቅደው 100 አምፔር ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ባትሪ ለዚህ ኢንቨርተር ሙሉ አቅም አይበቃም። እንጀራ መጋገሪያው ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት እንደሚወስድ ስናስብ፣ ምጣዱ ባለበት ሶኬት ላይ ኢንቨርተሩን አለማገናኘቱ ይመረጣል። ሁለተኛ ባትሪ በጎን የሚጨመር ከሆነ፣ ሁለቱ ከመያያዛቸው በፊት ለየብቻ እስከ መጨረሻው መሞላት አለባቸው፤ ቮልቴጃቸው ከተለያየ አንዱ ወደ ሌላው በኃይል ይፈስሳል። አሲድ ወይም ጄል ባትሪን ከሊቲየም ጋር በጎን ማያያዝ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

(ምስል፦ የባትሪው ጫፍ ከቅርብ። ብሎን፣ ሮንዴላ፣ የኬብሉ ራስ።)

አሁን ይህን ጫፍ ልብ ብለን እንየው። ገጣሚው ሮንዴላውን በባትሪው ጫፍና በኬብሉ ራስ መካከል አስገብቶታል። ሮንዴላው የማይዝግ ብረት ስለሆነ ከመዳብ ይልቅ ከረንትን ብዙ ይቋቋማል፤ ያ ሁሉ ከረንት በእርሱ ውስጥ እንዲያልፍ ተገድዷል። ትክክለኛው አቀማመጥ የኬብሉ ራስ በቀጥታ በባትሪው ጫፍ ላይ ተኝቶ፣ ሮንዴላው ከበላዩ፣ ብሎኑ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሲሆን ነው። የአንድ መገጣጠሚያ መቋቋም አንድ ሚሊ ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በ113 አምፔር ወደ 13 ዋት የሚጠጋ ሙቀት በአንዲት ጣት በምታህል ቦታ ላይ ይፈጠራል። ይህ ሙቀት ብሎኑን ያላላዋል፤ የላላው ብሎን ደግሞ መቋቋሙን ይጨምራል። በፒንሳ የተጨፈለቀ የኬብል ራስም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። የኬብሉ ራስ በመጭመቂያ ማሽን መጨመቅ፣ ብሎኑም በባትሪው መመሪያ ላይ በተጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) መጥበቅ አለበት። በእጅ ስሜት ማጥበቅ የለመዱ ባለሙያዎች ይህን ምክር ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ ነገር ግን ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን የባትሪውን ለስላሳ ጥርስ እንደሚበላ እነርሱም ያውቁታል።

ቦታውን በተመለከተ፣ በዚህ ቤት ያየነው የደረጃ ሥር ምንም ባዶ ቢሆን ተስማሚ አይደለም፤ ከላይ የሚተኙት ልጆች የሚወርዱት በዚሁ ደረጃ ነው። መኝታ ቤትና የጋዝ ሲሊንደር ያለበት ማድ ቤትም አይሆኑም። በብሎኬት የተሠራ፣ ከኮርኒስና ከጣውላ የራቀ፣ ውኃ የማይገባው የሰርቪስ ክፍል ይመረጣል። ሌሊት በሚቀዘቅዝ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ግን ሌላ ችግር ያመጣል። ይህ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ሙቀት ሲሞላ፣ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት ትቶ በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሱሉልታ ላይ ውርጭ ሣሩን ሲያነጣ የምናየው ልክ የማለዳ ፀሐይ በሶላሩ በኩል ባትሪውን መሙላት በምትጀምርበት ሰዓት ነው።

አሮጌ ኢንቨርተር ላይ አዲስ ሊቲየም የሚገጥም ሰው የአሞላል ቅንብሩን መቀየር አለበት። የባትሪው መመሪያ የሚበልጥ ሆኖ፣ ለ16 ሕዋሳት 56 ቮልት አካባቢ መሙላት ይበቃል፤ ጣሪያው 58.4 ነው። ለአሲድ ባትሪ የተዘጋጀው ማመጣጠኛ ሙሌትና ሙቀትን እየተከተለ ቮልቴጅ የሚቀይረው ቅንብር ሁለቱም መዘጋት ይኖርባቸዋል።

(ምስል፦ የገጣሚው እጆች፤ ቀለበትና ሰዓት ወልቀው ጠረጴዛ ላይ።)

በመጀመሪያው ግንኙነት ወቅት ፕላስና ማይነሱ በመለኪያ ይረጋገጣል። ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኃይል ለጊዜው የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ባዶ ስለሆኑ፣ ኬብሉ በቀጥታ ከተነካ ጫፉን የሚያቃጥል ብልጭታ ይፈጠራል፤ ስለዚህ በቅድሚያ ለጥቂት ሴኮንዶች ከ25 እስከ 50 ኦም በሆነ ሬዚስተር (ከረንትን በሚገድብ ዕቃ) በኩል መሙላት ያስፈልጋል። ሶላር ካለ ባትሪው አስቀድሞ፣ ሶላሩ ከዚያ በኋላ ይገናኛል፤ ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሶላሩ እየሠራ ባትሪው በድንገት ቢለይ፣ ኃይሉ መሄጃ አጥቶ ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን መሣሪያ ሊያቃጥለው ይችላል።

ቀጥሎ ኢንቨርተሩ ለግማሽ ሰዓት ከባድ ጭነት ተሸክሞ ይፈተናል። ይህ እየሆነ ሳለ የመለኪያው አንዱ ጫፍ በባትሪው ጫፍ ላይ፣ ሌላው በኬብሉ ራስ ላይ ተደርጎ በሚሊ ቮልት ይነበባል። በ100 አምፔር 10 ሚሊ ቮልት ከታየ፣ በዚያ መገጣጠሚያ ላይ 1 ዋት እየባከነ ነው። ሁሉም መገጣጠሚያዎች ተቀራራቢ ንባብ ሊሰጡ ይገባል፤ ከመካከላቸው አንዱ ጎልቶ ከወጣ ጭነቱ ተነሥቶ፣ ብሬከሩ ወርዶ ያ መገጣጠሚያ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል። ንባቦቹ ከቀኑ ጋር በባትሪው ጎን በሚለጠፍ ወረቀት ላይ ይጻፋሉ፤ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ የሚለካው ባለሙያ የሚያነጻጽረው ከእነርሱ ጋር ነው።