ከግድቡ እስከ ባሕሩ፦ በሶምጂን ወንዝ ዳር በብስክሌት

(ምስል፦ ማለዳ ነው፤ ጭጋግ ከወንዙ ላይ ይነሣል፤ አንድ ብስክሌት በጠባቡ መንገድ ያልፋል።)

በደቡብ ኮሪያ ደቡብ ምዕራብ ገጠር፣ በኢምሺል አውራጃ ከሚገኘው የሶምጂን ግድብ ግርጌ ተነሥቶ ወንዙን እየተከተለ እስከ ጓንግያንግ የባሕር ወሽመጥ የሚዘልቅ፣ ርዝመቱ ወደ 150 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የብስክሌት መንገድ አለ። መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ መካከለኛ ጉልበት ያለው ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። እኛም ዛሬ ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች አብረን እንወርዳለን። ቁልቁለቱ ለእግር ይቀልላል፤ ከዚያ ይልቅ ግን በግድቡ ዘንድ የሚታየው ነገር ትርጉሙ የሚገለጠው ባሕሩ አጠገብ ሲደረስ ነው።

ወደ መነሻው ለመሄድ ብዙዎች ከጆንጁ ከተማ አውቶቡስ ይይዛሉ፤ ብስክሌቱም ከታች ባለው የሻንጣ ክፍል ይጫናል። የሚወረድባት ትንሽ ከተማ ጋንግጂን ትባላለች። በደቡብ ጆላ ክፍለ ሀገር፣ በባሕሩ አቅራቢያ፣ ልክ በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ አውራጃ ስላለ፣ ትኬት ስትቆርጡ «የኢምሺሉ ጋንግጂን» ብላችሁ መለየት አለባችሁ፤ አለዚያ ጉዞው በተሳሳተ ቦታ ይጀመራል። ከከተማዋ እስከ መንገዱ መነሻ ያለው በብስክሌት የሚደረስ አጭር ርቀት ነው።

(ምስል፦ ግድቡ ከሩቅ፤ ከበታቹ በድንጋዮች መካከል የሚሄድ ቀጭን ውሃ።)

የሶምጂን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1965 ተሠርቶ ያለቀ፣ በአገሪቱ ለመስኖ፣ ለኤሌክትሪክና ለጎርፍ መከላከያ በአንድነት እንዲያገለግል የታሰበ የመጀመሪያው ግድብ ነው። ከግድቡ የሚወጣው ውሃ ሁሉ ወደ ወንዙ እንደሚወርድ ማሰብ ግን ስሕተት ነው፤ ብዙው ውሃ በተራራ ውስጥ በተፈለፈለ ቦይ ወደ ምዕራብ ይዞራል፣ ተርባይን ይዘውራል፣ ከዚያም በሌላ ተፋሰስ ያለውን ሰፊውን የሩዝ ሜዳ ያጠጣል። ስለዚህ ጉዞው ሲጀመር ከጎናችሁ የምታዩት ወንዝ ቀጭን ነው፤ የድንጋዮቹ ጀርባ ከውሃው በላይ ይታያል። ተመልካቾቻችን ይህን እንዲያስታውሱልን እንፈልጋለን፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

በመንገዱ ላይ የስልክ መደወያ ዳስ የመሰሉ ቀይ ዳሶች ቆመዋል፤ በጠቅላላው 8 ናቸው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ማኅተምና ቀለም አለ፤ ተጓዡ ፓስፖርት የምትመስለውን ትንሽ ደብተሩን አውጥቶ ራሱ ያትማል። ማኅተሞቹ ሲሟሉ መንገዱን በሙሉ መጓዙ በይፋ ይመዘገብለታል። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ቢመስልም ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ ለማኅተሙ ሲሉ የሚቆሙ ሰዎች ቆመው ዙሪያቸውን ያያሉና።

ሁለተኛው ዳስ ያለበት ጃንግጉንሞክ ለዚህ ምስክር ነው። እዚያ የወንዙ ወለል እንደ ሊጥ የተቦካ ይመስል ለስላሳና ጎርባጣ ዓለት ነው። በክረምት ጎርፍ ጊዜ ውሃው እየተሽከረከረ ጠጠርና አሸዋ በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ሲያዞር፣ ጠጠሩ እንደ መሰርሰሪያ ሆኖ በረጅም ዘመን ክብ ጉድጓዶችን ቦርቡሯል። ከሁሉ የታወቀው ሰው የሚያስገባ ቀዳዳ ያለውና «የፖፖ ድንጋይ» የሚል ስም የወጣለት ዓለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሌቦች ይህን ብዙ ቶን የሚመዝን ድንጋይ ጭነው ወስደውት ነበር፤ የመንደሩ ሰዎች ግን አፈላልገው አገኙትና ወደ ቦታው መለሱት። ዛሬ ከፊታችሁ ያለው ያው ነው።

(ምስል፦ የህያንጋ ዋሻ መግቢያ፤ ከዋሻው በኋላ ድልድዩ።)

ወደ ሱንቻንግ ስትደርሱ መንገዱ 384 ሜትር በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ይገባል። ዋሻውን ያስቆፈረው የጃፓን ቅኝ ገዥ አስተዳደር ነበር፤ ሐሳቡ የአካባቢውን እህል በባቡር ለማጓጓዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ኮሪያ ነፃ ስትወጣ ሥራው በጅምር ቀረ፤ ሐዲድ ሳይነጠፍ፣ ባቡርም ሳያልፍ፣ ከዋሻው ባሻገር ወንዙ ውስጥ የቆሙት የድልድይ ምሰሶዎች ባዶ ራሳቸውን ይዘው ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ቆዩ። የብስክሌት መንገዱ ሲሠራ በምሰሶዎቹ ላይ ወለል ተነጥፎ ድልድዩ ተፈጸመ። ለዘረፋ ተጀምሮ የቀረን ሥራ የገጠር ሰውና ብስክሌተኛ በሰላም የሚሻገሩበት ሆኖ ማየት በዚህ ጉዞ ልብን ከሚነኩ ነገሮች አንዱ ነው።

ከዚያ በታች ወንዙ ይሰፋል። በጎክሶንግ አጠገብ ቺምሺል የተባለው ረግረግ እ.ኤ.አ. በ2016 በመንግሥት የተጠበቀ ሥፍራ ሆኗል፤ ኦተር የተባለው ዓሣ አዳኝ እንስሳ ይኖርበታል፣ ማለዳ ላይም ጭጋጉ ሜዳውን ይሸፍነዋል። ይህ ረግረግ ሊተርፍ የቻለበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 4 ታላላቅ ወንዞቿን እየጠረገች 16 ትልልቅ የውሃ መከተሪያዎችን ስትገነባ፣ ሶምጂን ከ4ቱ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ በሌሎቹ ዳር የተሠራው የብስክሌት መንገድ ብዙ ጊዜ የረጋ ሐይቅ በመሰለ ውሃ አጠገብ ሲያልፍ፣ እዚህ ግን ወንዙ አሁንም የራሱን አሸዋ ይዞ ይወርዳል፤ ድምፁም ይሰማል።

ይህ ማለት ግን ወንዙ ሁልጊዜ የዋህ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ከባድ ዝናብ ወርዶ በጉሬ አውራጃ የጎርፍ መከላከያው ተደረመሰ፤ ከተማና እርሻ ተጥለቀለቀ። አንዳንድ ላሞች በውሃው እየዋኙ የቤት ጣሪያ ላይ ወጡ፤ ሌሎች ደግሞ 531 ሜትር ከፍታ ባለው በኦሳን ተራራ ጫፍ አጠገብ እስከሚገኘው የሳሶንጋም ገዳም ድረስ ሸሽተው ነፍሳቸውን አተረፉ። ነዋሪዎቹ ግድቡ ውሃውን የለቀቀበት መንገድ ጥፋቱን አባብሶታል ብለው አቤት ብለዋል። የሳሶንጋም ማኅተም ያለበት ዳስ ከተራራው ግርጌ በመሆኑ መውጣት አያስፈልግም፤ ቀና ብላችሁ ስታዩት ግን የእነዚያን ላሞች መንገድ በልባችሁ ለኩት።

ከጉሬ በኋላ ግራ ቀኙ ጠበብ ብሎ በስተግራ የጂሪሳን ተራሮች ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው የናምዶ ድልድይ የጆላንና የግዮንግሳንግን ምድር ያገናኛል፤ ከማዶው የኋጌ ገበያ አለ፤ የሁለቱ ክፍላተ ሀገር ነጋዴዎች ከጥንት የሚገናኙበት ነው። ተሻግራችሁ አረንጓዴ ሻይ ጠጡ። በጂሪሳን ተራራ የሻይ ዘር የተተከለው እ.ኤ.አ. በ828 እንደሆነ የአገሪቱ ጥንታዊ ዜና መዋዕል መዝግቧል። በመጋቢት የምትመጡ ከሆነ በታችኛው ዳርቻ የፕለም አበባ ኮረብታውን ነጭ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ግን መንገዱ በጎብኚ ስለሚጨናነቅ ቅዳሜንና እሑድን መተው ይሻላል።

(ምስል፦ እስከ ወገብ ውሃ ውስጥ የገቡ ለቃሚዎች፤ ረጅም እጀታ ያለው መቧጠጫ።)

የወንዙ ስም ከጉርጥ የመጣ ነው። ባህላዊው ትረካ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1385 የጃፓን የባሕር ወንበዴዎች ወደ ላይ ሲዘልቁ እልፍ አእላፋት ጉርጦች ተሰብስበው ጮኹና ወራሪዎቹ ደንግጠው ተመለሱ። ዛሬ በዚሁ የታችኛው ክፍል ወደ ላይ የሚዘልቀው የባሕሩ ጨው ነው። በሃዶንግና በጓንግያንግ መካከል ጣፋጩ ውሃ ከጨው ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ ጄቾፕ የምትባል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ባለ ዛጎል ፍጥረት ትራባለች። ሰዎች ባለ ጥርስ መቧጠጫ በአሸዋው ላይ እየጎተቱ በእጃቸው ይለቅሟታል፤ ይህ የአለቃቀም ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የግብርና ቅርስነት መዝገብ ገብቷል። ከእርሷ የሚሠራው ነጣ ያለ ሾርባ ከሁለት ቀን ፔዳል በኋላ የሚመጥን ምግብ ነው።

ለቃሚዎቹ ግን ጨዋማው ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት ሽቅብ እየገፋ መሆኑንና መልቀሚያቸው እየጠበበ መምጣቱን ይናገራሉ። አሁን ወደ ግድቡ እንመለስ። በላይ በኩል ውሃው ወደ ሩዙ ሜዳ ተወስዷል፤ መሃል ላይ የሚቀላቀለው የቦሶንግ ወንዝም በሌላ ግድብ ተገትቶ ከተሞችን ያጠጣል፤ በታች ደግሞ ለኢንዱስትሪ ውሃ ይቀዳል። ሩዙም ከተማውም ፋብሪካውም ውሃ ያሻቸዋል። የሚቀረው ጣፋጭ ውሃ ሲሳሳ ግን ባሕሩ ቦታውን ይወስዳል። በመኪና ለሚያልፍ ሰው ግድቡና ሾርባው ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው፤ ውሃውን ከጎኑ ሳይለይ ለወረደ ብስክሌተኛ ግን የአንድ ወንዝ ሁለት ጫፎች ናቸው።

የመጨረሻው ቀይ ዳስ በቤአልዶ መናፈሻ፣ ወንዙ ከወሽመጡ ጋር በሚገናኝበት ዳር ቆሟል። ስምንተኛው ማኅተም እዚያ ይመታል፤ ከጥቂት እርምጃ በታች ያለውን ውሃ በጣቱ ነክቶ የቀመሰ ሰው ጨው ያገኛል።