ከወንበሩ ሥር የነበረው ገመድ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ድምፄን የምቀርጸው ጅማ፣ ቤቴ ሆኜ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ ስለሆነ ሳይሰማችሁ አይቀርም። እዚህ ከመጋቢት እስከ መስከረም ዝናቡ ብዙ ፋታ አይሰጥም፤ ሣሩም እንዲሁ። ዛሬ የታጨደው በሳምንቱ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። እኔ የምሠራበት ግቢ ሰፊ ነው፤ ቁልቁል ወደ አዌቱ ወንዝ ያዘነብላል፤ በማጭድ የሚዘለቅ አይደለም። ስለዚህ ሰው ተቀምጦበት የሚነዳው የሣር ማጨጃ አለን። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚያ ማሽን ነው፤ በእሱ ሰበብ ስለበደልኩት ልጅም ጭምር።

ባለፈው ሐምሌ ነው። ማሽኑን የሚነዳው ወጣት በጠዋት መጥቶ «ጋሼ፣ አልነሣ አለ» አለኝ። ሄጄ ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ አይዞርም፤ ከውስጥ ብቻ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ ቶሎ ቶሎ። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ሁሉ «ባትሪው ደክሟል» ይላል። እኔም አልኩ። በዚያ ላይ ልጁን «ትናንት ቁልፉን ሳታጠፋ ሄደህ ነው» ብዬ ሰው ፊት ተቆጣሁት። «አጥፍቻለሁ ጋሼ» አለ። አላመንኩትም።

አዲስ ባትሪ ተገዛ። ጠቅ፣ ጠቅ። እንግዲያው ሶሎኖይዱ ነው ተባለ፣ ቁልፉ ሲዞር ለማስነሻው ኃይል የሚከፍተው ማብሪያ፤ እሱም ተቀየረ። ጠቅ፣ ጠቅ። ሣሩ ጉልበት ሊደርስ ተቃረበ።

በዚህ ጊዜ አጂፕ ሰፈር የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ባትሪው ስንት ቮልት ያሳያል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። «ቁልፉን ስታዞረውስ ወደ ስንት ይወርዳል?» አሁንም መልስ የለኝም። «ልጄ፣ እስካሁን በጆሮህ ነው የመረመርከው። የቮልት መለኪያ ቴስተር ይዘህ ተመለስና ደውልልኝ» አሉኝ።

ምላጩ እንዳይዞር የማጨጃው ማብሪያ መጥፋቱን አረጋገጥኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ፣ ቴስተሩን በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ አሳረፍኩ። 12.6 ቮልት። ሙሉ ባትሪ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ልጁ ቁልፉን አዞረ፤ ጠቅ ጠቅ እያለ እንኳ ከ12 በታች አልወረደም። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ደካማ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ሞተሪኖው፣ ዋናውን ሞተር የሚያስነሣው ትንሹ ሞተር፣ ሲጠይቀው ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ 9 እና 8 ድረስ። ይህኛው አይወርድም። ስለዚህ ባትሪው ሰጪ ነው፤ የሚሰጠው ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ብዙዎቻችን የቀዩን ገመድ መንገድ ብቻ እናያለን፦ ከባትሪ ወደ ፊውዝ፣ ከፊውዝ ወደ ቁልፉ፣ ከዚያ በፍሬን ፔዳሉና በማጨጃው ማብሪያ አልፎ ሶሎኖይዱን ያነቃል፤ ሶሎኖይዱም ለሞተሪኖው ወፍራሙን መስመር ይከፍታል። ኤሌክትሪክ ግን ሄዶ አይቀርም፤ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የሚመለሰው ደግሞ በሞተሩ አካልና በሻንሲው፣ ማለትም በማሽኑ የብረት አጽም፣ አድርጎ በጥቁሩ ገመድ ነው። አዛውንቱን መልሼ ስደውልላቸው «አሁን የቴስተሩን አንዱን እግር ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ላይ አድርግና ቁልፉን አዙር» አሉኝ። ጤነኛ ቢሆን ከግማሽ ቮልት አይበልጥም። የእኔ ወደ 8 እየዘለለ ይመለሳል። ኃይሉ ሁሉ መመለሻው ላይ ታንቆ ነበር።

ጥቁሩን ገመድ በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር ገብቶ በአንድ ብሎን ከሻንሲው ጋር ታስሯል። ብሎኑ አይታይም፤ እርጥብ ሣር ተጠቅጥቆበታል፣ ጠቁሮ እንደ ፍግ ሆኗል። ጠርጌ ሳየው ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ዝጎ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ማሽኑን በየሳምንቱ በጎማ ውኃ እጠቡት የምለው እኔ ነኝ። ውኃውን ያዘዝኩት እኔ፣ የተቆጣሁት ልጁን።

መጀመሪያ የኔጋቲቩን ገመድ ከባትሪው ፈታሁ። ይህን ቅደም ተከተል እባካችሁ ያዙልኝ። ኔጋቲቩ ታስሮ ሳለ ፖዘቲቩን ስትፈቱ የብሎን መፍቻችሁ ሻንሲውን ከነካ ባትሪው በእጃችሁ ላይ እሳት ይተፋል። ስትመልሱ ደግሞ ኔጋቲቩ መጨረሻ ነው። ብረቱንም ቀለበቱንም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ ፈተግኩ፣ አጥብቄ አሰርኩ፣ እርጥበት እንዳይገባ ላዩን ግሪስ ቀባሁት። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ዛሬ ማይክሮፎን አላበራም ነበር። ወንበሩን ወደ ቦታው ልመልስ ስል ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች አየሁ፤ ተቆርጠው እርስ በርሳቸው ተጠምዝዘዋል። የወንበሩ ማብሪያ ነው። ሰው መቀመጡን ለማሽኑ የሚነግረው እሱ ነው፤ ማጨጃው እየሠራ ነጂው ከወንበሩ ከተነሣ ወይም ከወደቀ ሞተሩን ያጠፋዋል። እነዚያ ገመዶች ስለተጠመዘዙ ማሽኑ ሁልጊዜ ሰው ያለበት ይመስለዋል። ያ ልጅ በአዌቱ በኩል ባለው ዳገት፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ በደቂቃ ወደ 3,000 ጊዜ ከሚዞር ምላጭ በላይ ተቀምጦ ስንት ወር ሠርቷል! ተንሸራትቶ ቢወድቅ የሚያቆመው አልነበረም። ስጨርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማን እንደጠመዘዘው አላወቅኩም። ለምን እንደሆነ ግን ይገባኛል። ቀላል ሰው ሲነዳው፣ መሬቱ ሲያነጥረው፣ ማብሪያው ይለቅና ሞተሩ ይጠፋል፤ ያሰለቻል። ለሥራው ኃላፊ ስነግራቸውም «እየሠራ ነው አይደል? ተወው» አሉኝ። አልተውኩትም። ገመዶቹን ወደ ማብሪያው መለስኩ። እውነትም ልጁ ቀጭን ስለሆነ ሁለት ጊዜ ጠፋበት። የወንበሩን ስፕሪንግ ስፈታ በዝገት ደርቆ አገኘሁት፤ በሱ ክብደት በደንብ አይረግጥም ነበር። እሱን ሳድሰው መጥፋቱ ቆመ።

በማግስቱ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። ሰው ፊት ስለተቆጣሁት ሰው ፊት። አንገቱን ደፍቶ «ምንም አይደለም ጋሼ» አለ። ከዚያ ሜዳው ላይ ማሽኑን አስነሥቶ ማጨጃውን እንዲያበራ ነገርኩት። ሁላችንንም ራቅ አድርጌ አቆምኩና «አሁን ከወንበሩ ትንሽ ብድግ በል» አልኩት። ፈራ፤ እኔን አየ። ብድግ አለ።

ሞተሩ ጠፋ። ምላጩ ጥቂት እያፏጨ ዞረና ቆመ፤ የወንዙ ድምፅ ተሰማ።