የቅሬው ድስት ስፖንሰር የለውም

(ደሴ ላይ ለድምፅ ዝግጅት ሰልጣኞች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር)

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። የወሎ ሰው ሁለቱንም ሳይል አይጀምርም።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የዛሬ ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። አዘጋጆቹ "ጋሼ፣ የሚያነቃቃ ነገር ይበሉልን፤ ግን ጽፈው ይምጡ" አሉኝ። ካልጻፍኩ የት እንደምደርስ ያውቃሉ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሸዋበር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። እዚህ ከተቀመጣችሁት የግማሾቻችሁን አባት ሬዲዮ ከፍቼ አይቻለሁ። አንዳንዱ ውስጥ በረሮ ትዳር መሥርቶ ነበር። የማን እንደሆነ አልናገርም። ሰው ሬዲዮውን ትቶ ስልክ ሲይዝ እኔም ከእህቴ ልጅ ጋር ፖድካስት፣ ማለትም በስልክ የሚደመጥ ዝግጅት፣ ጀመርኩ። ስለ ጥገና ነው የምናወራው። ጫማ፣ ምድጃ፣ ጃንጥላ፣ ሸሚዝ። አድማጫችን ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ። የቅሬያችን፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ሰው ይበልጣል።

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ይሄ ሁሉ ፖድካስት ሲወራ "ያለኝ ይበቃኛል" የሚል ሰው የት ሄደ? ስለ ፍቅር ይወራል፣ ስለ ፖለቲካ ይወራል፣ ስለ ቢዝነስማ ተወርቶ አያልቅም። ይሁን። "አትግዙ፣ ያላችሁን ጠግኑ" የሚል ድምፅ ግን ስፈልግ አውራ ጣቴ ደከመ።

ባለፈው ክረምት ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነበር። ሐረጎ ጭጋግ ለብሷል። የሚኒባሱ ሾፌር ስልኩን ከስፒከሩ ጋር አገናኝቶ ፖድካስት ከፈተ። ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ ናት የምታወራው። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ ባዶ እጇን ነው የመጣችው። ሚኒባሱ ጸጥ አለ። ረዳቱ እንኳን ሂሳብ መሰብሰቡን ተወ። አጠገቤ አንዲት እናት ዶሮ ታቅፈው ተቀምጠዋል። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ማን አለ?

ልጅቱ የእናቷን መርዶ የሰማችበት ቀን ላይ ስትደርስ አቅራቢው አቋረጣት። ድምፁን እንኳን አልቀየረም። በዚያው በሐዘን ድምፁ "ባለ ሦስት መኝታ፣ የመዋኛ ገንዳ ያለው፣ በአነስተኛ ቅድመ ክፍያ" ማለት ጀመረ።

እናትዬዋ ቀና አሉ። ፊታቸው በራ።

"አልሐምዱሊላህ! ቤቱን ለሷ ሊሰጧት ነው?" አሉኝ።

"ኧረ አይደለም እናቴ። ማስታወቂያ ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ እሷ እያለቀሰች ለማን ነው የሚሸጡት?"

መልስ አልነበረኝም። ኮምቦልቻ እስክንደርስ የጮኸችው ዶሮዋ ብቻ ናት።

በሬዲዮ ዘመን ማስታወቂያ ሲመጣ ሙዚቃው ይቀየር ነበር። ሰው ያውቀዋል፤ ቡናውን ሊቀዳ ይነሳል። አሁን የሚያነበው ያመናችሁት ሰው ራሱ ነው። ከፋዩ ፖድካስትን የሚወደውም ለዚህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን በአዋጅ ታገደ። ቢራው ወጣ፤ ቦታው ግን ጦሙን አላደረም። አፓርታማ ገባበት።

ስሙን ራሱ ተመልከቱት እስቲ። ፖድካስት የሚለውን ቃል ቤን ሐመርስሊ የሚባል ጋዜጠኛ ነው እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የጻፈው። ግማሹ ብሮድካስት ነው። ግማሹ አይፖድ ነው፤ የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 አይፖድን አቆመው። ዕቃው ሞቷል። እኛ ግን አፋችንን በከፈትን ቁጥር ስሙን እንጠራለታለን። ይህን ያህል በነጻ የሚተዋወቅ ሟች አላየሁም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ኮሌታ የሚገለብጥ ልብስ ሰፊ አለ። ኮሌታ ሲገለበጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አይታችሁ አላልኩም። መጀመሪያ በምላጭ ጫፍ ስፌቱን ይተረትረዋል። ጥርት፣ ጥርት፣ ጥርት። ኮሌታውን ነቅሎ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያራግፈዋል። ያለቀውን ገጽ ወደ ውስጥ፣ ደህናውን ወደ ውጭ ያዞራል። ክሩን በምራቁ ያረጥብና መርፌው ውስጥ ይሰደዋል። ከዚያ ሲንጀሩ ይነሳል። ሸሚዙ ከነክብሩ ወደ ቢሮ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ቀዳነው። የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ ይሄ ሙዚቃ አይፈልግም" አለኝ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ያመሰገነኝ ያን ቀን ነው።

ልናወጣው ስንል አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ ስፖንሰር ልሁናችሁ አለ። ማይክ ሊገዛልን፣ በየወሩ ሊከፍለን። ደስ አለን። የምንቀዳበት ስልክ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ነው። ዝግጅቱን ላክንለት። በማግስቱ ደወለ።

"የኮሌታው ይቅር" አለ። "ቀጣዩ ደግሞ የሶፋ ጨርቅ ስለመቀየር ነው አላችሁኝ። እሱማ ጭራሽ!"

"ለምን?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ሰው የድሮ ሶፋውን አልብሶ ከተቀመጠበት እኔ ልጆቼን ምን ላብላ?"

ሐቀኛ ሰው ነው። አልጠላሁትም። ገንዘቡን ግን አልተቀበልኩም። የእህቴ ልጅ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ልክ ነበረ፤ ማይክ እንፈልግ ነበር።

ነጋዴው ክፉ ሆኖ አይደለም። ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው ነገሩ። "አትግዛ" የሚለውን ከፍሎ የሚያስወራ ሻጭ የለም። ፈረንጆቹም ዘንድ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ካናዳ ውስጥ "በዓመት አንድ ቀን ምንም አንግዛ" የሚል ዘመቻ ተጀመረ። አድባስተርስ የሚባለው መጽሔት ዘመቻውን ይዞ ማስታወቂያ ሠራ። ወደ አሜሪካ ትልልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ሄደ። ኤንቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤቢሲ፣ ሁሉም እምቢ አሉ። ልብ በሉልኝ፤ በነጻ አልጠየቁም። ሊከፍሉ ነው! የአየር ሰዓት የሚሸጥ ሰው ገንዘብ ሲመልስ መቼ አይታችኋል?

እሺ፣ ጣቢያ ባለቤት አለው። ይገባኛል። ፖድካስት ግን አንቴና አይፈልግም። ሞገድ አይከራይም። ስልክና ጸጥ ያለ ክፍል ካለ ይሠራል፤ ክፍሉ ጸጥ ካላለም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይቀዳል፤ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ታዲያ ማን ከለከለን? ማንም! እኛው ነን ገና አንድ ቃል ሳንናገር ስፖንሰር እስኪያንኳኳ በር በር የምናየው። ገና ያልመጣው ከፋይ እንዳይቀየም ብለን አፋችንን የምንሰበስበው እኛው ነን!

በሆዳችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። "ወሎ ላይ ቆመህ አትግዙ ትላለህ? ምን አለንና?" እዚህ አዳራሽ ውስጥ የ66ን ረሃብ ያዩ አሉ። 77ን ያየን ደግሞ ብዙ ነን። እናቴ አንዲት እንጀራ ለአምስት ስትቆርስ አይቻለሁ። የራሷን ድርሻ ስትቆርስ አላየሁም። ላጣ ሰው "አትግዛ" ብዬ ብናገር አላህም ማርያምም አይማሩኝ። ማጣት ሌላ፣ መብቃቃት ሌላ። እኔ የምናገረው ዕቁብ ሲደርሰው ደህና ስልኩን ጥሎ አዲስ ለሚገዛው ነው። በብድር ሠርግ ለሚደግሰው ነው። ፖድካስት ሰምቶ "የሀብታም አስተሳሰብ" ሊያሳይ፣ ዕዳው ያላለቀ ሱፍ ለብሶ ፒያሳ ለሚቆመው ነው።

መብቃቃትን ደግሞ ከካናዳ አንማርም። የኛ ቅሬ 120 አባወራ አለው። ያለን ትልልቅ ድስት ሦስት ነው። አንዱ የሙስሊም ሥጋ፣ አንዱ የክርስቲያን ሥጋ፣ ሦስተኛው የሽሮ። ሽሮው የሁላችንም ነው። ሁለት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከሥሩ ቀይ ቀለም የተቀባ ሰሃን። ቀለሙ በየቤቱ እንዳይቀር ነው፤ ቢሆንም ይቀራል። ሐዘን ሲመጣ፣ ሠርግ ሲመጣ ከዚያው ይወጣል፣ ታጥቦ ወደዚያው ይገባል። 120 ቤት፣ ሦስት ድስት!

ይህን ያወራ አንድ ፖድካስት አምጡልኝ። አንድ! ለሽቶ ሃያ ደቂቃ አለ። የአንድ ሰው መኪና ውስጧ ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ሰዓት አለ። ሦስት ድስት 120 ቤት ሲያስተዳድር ለመናገር ግን ሁለት ደቂቃ ጠፋ! ያሳፍራል። ወረቀቴ ላይ እዚህ ጋ "ጭብጨባ" ብዬ ጽፌያለሁ፤ እንደፈለጋችሁ።

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ልጆችና ማስታወቂያ ነበር። አዘጋጆቹ ሰዓት ማየት ሳይጀምሩ አይቀሩም፤ ልለፈው።

ሦስተኛው አጭር ነው። ስፖንሰር ካልከፈለ ማን ይክፈል? አድማጩ፤ እንደ ቅሬ በየወሩ ትንሽ ትንሽ። ያንሳል፣ አውቃለሁ። እኛ በአምስት ወር ያዋጣነው ለኢንተርኔት ጥቅልና ለአንድ የስልክ ባትሪ ነው የበቃው። አዎ፣ ገዛን። አትሳቁ።

ተመራቂዎች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁና ልውረድ። የሽሮው ድስት አንድ እጀታው ወልቋል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በያጁ ቅሬው ግቢ ይመጣል። ማይክ ያላችሁ ማይካችሁን፣ የሌላችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። መብራት ካለ ይበይደዋል። ከጠፋ በብሎን መትቶ በመዶሻ ያጠብቀዋል። ለጆሮ መዶሻው ይሻላል። ቡና አለ።