«ሲስተር፣ መወፈር እፈልጋለሁ»፦ የጅማ አድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት በስልክ መስመራችን ያወራነው ስለ ክብደት መጨመር ነበር። ስልኩ አላረፈም። በመልእክት የጠየቃችሁም ብዙ ናችሁ። ሰዓቱ ስላልበቃን በአየር ላይ የመለስኳቸውንና ሳልደርስባቸው የቀሩትን አንድ ላይ ጻፍኳቸው። ስም አልጠቀስኩም፤ ሰፈራችሁን ብቻ።

ከአጂፕ፦ «ሰው ባየኝ ቁጥር ‹ከሳሽ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?› ይለኛል። እኔ ደህና ነኝ። ቁመቴ 1.60 ሜትር፣ ክብደቴ 50 ኪሎ ነው። መወፈር አለብኝ?»

የለብሽም፣ ልጄ። 50ን ለ1.60 አካፍዪ፤ የወጣውን እንደገና ለ1.60 አካፍዪ። 19.5 ይመጣል። ለትልቅ ሰው ከልክ በታች የሚባለው ከ18.5 ሲያንስ ነው። ግን አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ። ድሮም እንዲህ ነበርሽ ወይስ በቅርቡ ነው የቀነስሽው? ድሮም እንዲህ ከሆንሽ ተፈጥሮሽ ነው፤ ተይው። በጥቂት ወራት ሳታስቢው ከወረደ ግን ተመርመሪ። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ሳይፈልግ 3 ኪሎ ከጣለ እንደ ቀላል አይታይም። ዛሬ ይህን ደጋግማችሁ ትሰሙኛላችሁ፦ ለመወፈር ከመነሳታችሁ በፊት ለምን እንደከሳችሁ እወቁ።

ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ፦ «ቁመቴ 1.75፣ ክብደቴ 52 ኪሎ። የምበላው ካፌ ነው። ብዙ ብር የለኝም። የታሸገ ነገር ሳልገዛ መወፈር እችላለሁ?»

ትችላለህ። አንተ እውነትም ከልክ በታች ነህ፤ ቢያንስ 57 ኪሎ መግባት አለብህ። የሚያስፈልግህ አሁን በምትበላው ላይ በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መጨመር ነው። ብዙ መስሎህ አትደንግጥ። አንድ እፍኝ የተቆላ ለውዝ 170 ያህል ነው። የመካከለኛ አቮካዶ ግማሽ 160 ያህል። ሁለት ሙዝ 200 ያህል። በቃ፣ ከ500 አለፍክ። ጅማ ደግሞ የአቮካዶና የሙዝ አገር ናት።

ቅባት ያለውን ምግብ አትፍራ። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል። ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት በግራም 4 ብቻ ናቸው። ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ፣ አቮካዶ ሆድ ሳያጨናንቁ ጉልበት የሚሆኑት ለዚህ ነው። ዶርም ውስጥ በሶ አይጥፋ። እሳት አይፈልግም፤ በጨውና በዘይት አሽተህ ብላው፣ ወይ በውሃ በጥብጠህ ማር ጨምርበት። ለውዝ ስትገዛ ግን የሻገተና የሚመርር ካገኘህ ጣለው። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል፤ ብትቆላውም አይጠፋም፤ ጉበት ይጎዳል።

ሌላው የጠዋት ቡና ነው። በጅማ ቡና ላይ መናገር እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ። ቡና ተዉ አልልም። ግን በባዶ ሆድ የተጠጣ ቡና የብዙ ሰው ቁርስ ያስቀራል። ከምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ ከምግቡ የምታገኘውን ብረት ይቀንሳል። መጀመሪያ ቁርስ፣ አንድ ሰዓት ቆይተህ ቡና። ሻይም እንደዚያው።

ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ ጨምር። ካልተንቀሳቀስክ የምታተርፈው ቦርጭ ነው። በሳምንት ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ከጨመርክ ጎበዝ ነህ።

ከመርካቶ፦ «ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ቶሎ ያወፍራል ይባላል፤ እውነት ነው?»

አይደለም። ከጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል፣ ካልፈላ ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታና ቲቢ ሊይዝህ ይችላል። ሥጋው ቢበስል ያው ሥጋ ነው። ወተቱንም አፍላው።

ከሂርማታ፦ «ሠርጌ ሁለት ወር ቀርቶታል። ጓደኛዬ የሆነ ኪኒን ወስዳ በሦስት ሳምንት ፊቷ ሞላ፤ ሁሉም ‹አማረብሽ› ይሏታል። እኔም ልጀምር?»

እህቴ፣ እንዳትጀምሪ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ታገሱኝ። ይህ ጥያቄ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም፤ በመጣ ቁጥርም እፈራለሁ።

«ያወፍራል» ተብለው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ኪኒኖች ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዴክሳሜታዞን ነው፤ ወይም ዘመዱ ፕሬድኒሶሎን። ሁለቱም ስቴሮይድ ይባላሉ። መድኃኒቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ከባድ አስም ወይም ከባድ አለርጂ ላለበት ሰው ሐኪም መጠኑንና ቀኑን ቆጥሮ ያዛቸዋል፤ ሕይወትም ያድናሉ። ለማወፈር ግን አልተሠሩም። ፊትሽ የሚሞላው ሥጋ ስለጨመርሽ አይደለም። ሰውነትሽ ጨውና ውሃ ይይዛል። ስቡ ወደ ፊት፣ ወደ ሆድና ወደ ማጅራት ይሄዳል። የእጅና የእግር ጡንቻ ግን ይመነምናል። ፎቶ ላይ ጉንጭ ይታያል፤ ደረጃ ሲወጣ ጉልበት የለም።

ቀጥሎ ዓይን የማያየው ይመጣል። ደም ግፊት ይጨምራል። ስኳር ይወጣል። አጥንት ይሳሳል። ቆዳ ላይ ብጉርና ሸንተረር ይወጣል። ከሕመም ማስታገሻ ጋር ከተወሰደ ጨጓራ ያቆስላል። ሰውነት በሽታ የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፤ ተደብቆ የተኛ ቲቢ ካለ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ከሁሉም የማስፈራው ማቆሙ ነው። ከኩላሊታችን በላይ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን በየቀኑ ያመርታሉ። ያለሱ መኖር አይቻልም። ኪኒኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ዕጢዎቹ ሥራ ያቆማሉ። ያኔ ሰውየው «ወፍሬያለሁ፣ ይበቃኛል» ብሎ በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ባዶ እጁን ይቀራል። ድካም፣ ማዞር፣ ማስታወክ ይመጣል፤ ግፊት ይወርዳል። ሰው ሊሞትበት ይችላል። ስለዚህ ለሳምንታት የወሰዳችሁ ካላችሁ ስሙኝ። በድንገት አታቁሙ። ዝም ብላችሁም አትቀጥሉ። የኪኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። ምን እንደወሰዳችሁ፣ ለስንት ጊዜ እንደወሰዳችሁ ሳትደብቁ ንገሩት። እሱ እየቀነሰ ያስቆማችኋል። ቢቆጣችሁም ቻሉት፤ ሕይወታችሁ ነው።

ሁለተኛው ሳይፕሮሄፕታዲን ነው። የአለርጂ መድኃኒት ነው። ምግብ ያስበላል፤ አልክድም። ግን ያስተኛል። ይህን የወሰደ ሰው ባጃጅ ወይም ሞተር ይዞ ሲወጣ አስቡት። ሲያቆሙትም ፍላጎቱ አብሮ ይሄዳል፤ ኪሎውም ይከተለዋል።

«እኔ ኪኒን አልወሰድኩም፤ ባህላዊ ዱቄት ነው» የምትሉም አላችሁ። ማን እንደሠራው፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ዱቄት ውስጥ ያው ስቴሮይድ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሳምንት ፊት የሚነፋ «ቅጠል» ካያችሁ ጠርጥሩ።

ወደ ሙሽራዋ ልመለስ። ሁለት ወር ጥሩ ጊዜ ነው። በምግብ ብቻ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ልትጨምሪ ትችያለሽ፤ የሚጨምረውም ሥጋ ነው። ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ወይም ጨጨብሳ በማር። በየቀኑ እንቁላል። አሥር ሰዓት ላይ ቆሎ በለውዝ፣ ከፈላ ወተት ጋር። ማታ ሽሮሽ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ፤ እሱ ብቻ 120 ካሎሪ ያህል ነው። ቀሚስሽን ለሚሰፋው ሰውም ትንሽ ሰፋ አድርጎ እንዲተው ንገሪው።

እናቶች፣ አክስቶች፣ እናንተን ደግሞ እለምናለሁ። ሙሽራ ስታዩ «ምነው ከሳሽ» አትበሏት። ልጆቻችንን ወደ ኪኒን የሚገፋቸው ይህ ንግግር ነው።

በመልእክት፦ «ለስላሳና ኬክ ባበዛስ?»

ኪሎው ይጨምራል፤ ጥርስና ጉበት ይጎዳል። ተወው።

ከኮቺ፦ «ባጃጅ ነው የምነዳው። ከምሳ በኋላ እቅማለሁ። ማታ እህል አይወርድልኝም። ምን ልብላ?»

ወንድሜ፣ ጫቱን ትቼ ስለ ምግብ ብቻ ባወራህ እንዳታለልኩህ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ረሃብን ይዘጋል፤ እንቅልፍም ይነሳል። እራት ያልበላና ያልተኛ ሰው አይወፍርም። ብትተወው ደስታዬ ነው። በአንዴ ካቃተህ ቀኖቹን ቀንስ። በምትቅምበት ቀን ሙሉ ምሳ ሳትበላ በርጫ አትቀመጥ። ማታ እህል እምቢ ካለ የሚጠጣ ምግብ ይዘህ ግባ። አጥሚት፣ በሶ፣ የፈላ ወተት በማር ይሆናል። ምርቃናውን ለመስበር ብለህ ጨብሲ አትግባ፤ ያኔ ሁለት ችግር ነው የሚኖርህ። መተው ፈልገህ ካቃተህ ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያግዝሃል። ነውር የለውም።

ከመንቲና፦ «አብሽ በባዶ ሆድ እየጠጣሁ ነው። ያወፍራል?»

አብሽ ፍላጎት ሊከፍትልሽ ይችላል። ኪሎ የሚጨምረው ግን አብረሽው የምትጠጪው ማርና ወተት ነው። በደንብ ዘፍዝፈሽ፣ ውሃውን እየቀየርሽ መትተሽ ከጠጣሽው ችግር የለውም። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ተጠንቀቁ፤ ስኳር ያወርዳል። ነፍሰ ጡሮችም አታብዙት። ወተቱ ደግሞ የፈላ ይሁን፤ ብያለሁ።

ከጅሬን፦ «58 ዓመቴ ነው። በደንብ እበላለሁ፤ ግን እየከሳሁ ነው። ውሃ ጥሙ አይለቀኝም። ሌሊት ለሽንት አራቴ እነሳለሁ። የሚያወፍር ምግብ ንገሪኝ።»

አባቴ፣ አልነግርዎትም። ነገ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀምሱ፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱና የደም ስኳርዎን ይለኩ። ውጤቱን ሳያውቁ ማር እንዳይጨምሩ፤ ለስላሳም እንዳይጠጡ።

ሌሎቻችሁም ስሙ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳላችሁ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቃችሁ የቲቢ ምርመራ አድርጉ። በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራውም ሕክምናውም ነፃ ነው። እንቅርት ያለበት፣ ልቡ የሚመታበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሆዱን የሚቆርጠውና ተቅማጥ የሚመላለስበት ሰገራ ይመርመር። ከሆድ ትል ጋር እየተሻማችሁ ቅቤ ብትጨምሩ ብር ማባከን ነው። ምክንያቱን እወቁ የምለው ለዚህ ነው።

ከቦሳ አዲስ፦ «ዐቢይ ጾም ሲገባ አራት አምስት ኪሎ እቀንሳለሁ። ሥጋና ወተት ሳልበላ እንዴት ልያዝ?» ከአጋሮም ተመሳሳይ ስለ ረመዳን ተጠይቋል።

የጾም ምግብ ደካማ አይደለም። ደካማ የሚያደርገው እንጀራ በድልህ ብቻ በልቶ መተኛት ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ፕሮቲን ናቸው። የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ አቮካዶ ቅባቱን ይሞላሉ። በየማዕዱ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ይኑር። የሚበላበት ሰዓት ጠባብ ስለሆነ ጾም ስትፈቺ አንዴ፣ ከመተኛትሽ በፊት ሌላ ጊዜ ብዪ።

ለረመዳን ጿሚዎች፦ ሱሁር እንዳታስቀሩ። ገንፎ፣ እንቁላል፣ እርጎ ቀኑን ይይዛሉ። እርጎውም ከፈላ ወተት የተሠራ ይሁን። ኢፍጣር ላይ በቴምርና በሾርባ ጀምሩ። ሆዳችሁን በሳምቡሳና በሻይ ሞልታችሁ ዋናውን ምግብ አትለፉ። ስኳር ወይም ሌላ ሕመም ያለባችሁ፣ ከሁለቱም ጾም በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ከሰቃ፦ «የሁለት ዓመት ልጄ አይወፍርም። ምን ልስጠው?»

በስልክ አይሆንም፣ እመቤት። ዛሬ ጤና ኬላ ውሰጂው። ክንዱን በመለኪያው ይለኩታል። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል፤ ከ11.5 በታች ከሆነ ደግሞ አስቸኳይ ነው። እግሩ ካበጠ ልኬቱን ሳትጠብቂ ሂጂ።

ከማና፦ «እኛ ቤት ጎደሬና ቆጮ አይጠፋም። ይህ ያወፍራል?»

ጉልበት ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን ትንሽ ነው። ቆጮውን በአይብና በጎመን፣ ጎደሬውን በባቄላ ወጥ ወይም በእንቁላል ብሉ። ጎደሬ በደንብ ይብሰል፤ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል።

ከጂም የጠየቀን ወጣት፦ «የፕሮቲን ዱቄት ልግዛ?»

በዚያ ብር እንቁላል፣ ምስርና ወተት ግዛ። ኩላሊትህ ላይ ችግር ካለ ደግሞ ሐኪም ሳታማክር ዱቄቱን እንዳትነካው።

የመጨረሻዋ ጠያቂ፣ ከጊንጆ፦ «ጀምሬያለሁ። በየቀኑ እመዘናለሁ፤ አንዳንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴ ይወርዳል። ተስፋ ቆረጥኩ።»

በየቀኑ አትመዘኚ። ውሃና ጨው ብቻ አንድ ኪሎ ከፍና ዝቅ ሊያደርጉሽ ይችላሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሽንት ቤት ስትመለሺ፣ ቁርስ ሳትበዪ፣ በዚያው ሚዛን ተመዘኚና ጻፊው። አራት ሳምንት ጠብቂ። በአራቱም ምንም ካልጨመረ ወረቀቱን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።