የዳማው ነገር

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም እኔው ብቻ ነኝ፣ ውሻ ሲጮህ ከሰማችሁ ደሞ ሱሉልታ እናቴ ቤት ሆኜ ስለምቀዳ ነው ይቅርታ።

ስለ ዳማው ላውራችሁ። የአባዬ የጋሪ ፈረስ ነበር፣ የኛ ደብተርና ጫማ ከሱ ጉልበት ነው የመጣው። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቆሞ ሜዳው ግን ገና ጭቃ ነው፣ ዳማው አንድ ጠዋት ገብሱን እምቢ አለ፣ ከዛ ከዓይኑ በላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ አብጣ ወጣች፣ በአራተኛው ቀን በአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ ሞተ።

ሰፈሩ ታዲያ ዓይን ነው አለ። ዓይኑ ጋ አብጧላ! የማን ዓይን ሲባል የእትዬ ጎረቤታችን፣ ሊታመም ሁለት ቀን ሲቀረው "አቤት ሲያምር" ብለው ነበር፣ በዛ ላይ የሳቸው አህያ አንድ ሜዳ አብራው እየዋለች ምንም አልሆነችም። እናቴ ከዛ ወዲህ ቡና ጠርታቸው አታውቅም፣ ሰላምታም በአጥር ማዶ ሆነ።

ቅርብ ጊዜ ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው እብጠቷ ጋ ስደርስ አስቆመኝና ይሄማ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው የሚመስለው አለኝ። ቫይረስ ነው፣ የምታመላልሰው ደሞ ኩሊኮይድስ የምትባል ትንኝ፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ናት በቃ፣ ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ፣ ጭቃና እበት ውስጥ ትፈለፈላለች፣ ሲመሻሽና ሲነጋጋ ትወጣለች። አንዳንድ ነካሽ ዝንብ የከብት በሽታ ሲያዛምት እንደተወጋበት መርፌ አፉ ላይ የቀረውን ነው የሚያሻግረው፣ እሷ ግን ቫይረሱ ሆዷ ውስጥ ይራባና ምራቋ ጋ ይደርሳል፣ ለዛም ሙቀትና የተወሰነ ቀን ይፈልጋል። ፈረሱም ከተነከሰ በኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ምንም ሳይመስል ይቆያል፣ እና እትዬ "ሲያምር" ሲሉ እኮ አልቆለት ነበር!

አህያስ? ይይዛታል ግን የኛ አገር አህያ ብዙም አይታይባትም። የሜዳ አህያም እንደዛው ነው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ከናሚቢያ ስፔን የገቡ የሜዳ አህዮች ናቸው በሽታውን ይዘው ገብተው ፈረስ ያስጨረሱት።

ጋጣው ላይ የወባ አጎበር ልስቀል ብዬው ነበር፣ ሳቀብኝ፣ በቀዳዳው ታልፋለች አለ። ታይላንድ በ2020 እ.ኤ.አ. ሲገባባቸው ጋጣውን በደቃቅ መረብ ነው የሸፈኑት፣ ክትባቱም ተሰጠ። እኛ ጋ እኮ ክትባቱ ቢሾፍቱ ነው የሚሠራው፣ ከዚህ ስንት ሰዓት ቢሆን ነው በናታችሁ?

ትናንት ማታ ይሄን ሁሉ ለእናቴ ዘረዘርኩላት። ትንኟን፣ አህያዋን፣ ሳምንቱን፣ ሁሉንም። ቡናዋን እየቆላች ጸጥ ብላ ሰማችኝና "እሺ ይሁን" አለች፣ "ትንኟንስ ማን ላካት?"