ታርማበር ላይ የሚያድር ሚኒባስ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ካምፐር ቫን አውርተን ነበር። መኝታና ማብሰያ የተበጀለት ትንሽ መኪና ማለት ነው። ስልኩ አላረፈም፤ አብዛኛው ደዋይ ደግሞ ከሰሜን ሸዋ ነው። በአየር ላይ ሰዓት ያልበቃቸውን አራት ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ።

ከደብረ ብርሃን የደወሉ አባት፦ «ባለቤቴንና የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ቅዳሜና እሑድ ወጣ ማለት እፈልጋለሁ። ዳማስ ልግዛ ወይስ ሃይስ ሚኒባስ? የዳማሷ ዋጋ ደህና ነው።»

ለሦስት ሰው ሃይስ ይግዙ። ዳማስ ከተማ ውስጥ ዕቃ ለማመላለስ ጎበዝ ናት። ሞተሯ ግን 800 ሲሲ እንኳ አይሞላም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳላ! ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ታርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ሲደርሱ ዳማስዎ ሲሶ የሚጠጋ ጉልበቷን አጥታለች። በዚያ ላይ ሦስት ሰው፣ ፍራሽ፣ ባትሪና 40 ሊትር ውሃ ይጨምሩበት።

ዳገቱን እንደምንም ወጣችው እንበል። ቁልቁለቱስ? ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከታርማበር እስከዚያ ድረስ ፍሬን እየረገጡ ከወረዱ ፍሬኑ ግሎ ይከዳዎታል። በሃይስም ቢሆን ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ መኪናውን ሞተሩ ይያዝልዎ። ፋይቭ ኤል የሚባለው የሃይስ ናፍጣ ሞተርም ቱርቦ የለውም፤ ዳገት ላይ ያዘግማል። ግን 3,000 ሲሲ ገደማ ነው፤ መካኒኩም መለዋወጫውም ብዙ አያስቸግርም።

ሲገዙ በማለዳ ይሂዱ። ውርጭ ያደረበት የደብረ ብርሃን ጠዋት ለናፍጣ ሞተር ጥሩ ፈተና ነው። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀዎ ሌላ ቀን ይመለሱ። ወለሉን ከሥር ገብተው ለዝገት ይዩት። ከዚያ ፍራሽ አንጥፈው ሦስታችሁም ተጋደሙበት፤ ማፈር የለም። ወንበር ነቅለው አልጋ ከማስገባትዎ በፊት ግን ሊብሬውን ይዘው መንገድ ትራንስፖርት ይጠይቁ። ሥራው ካለቀ በኋላ ከሚመጣ ጣጣ ይድናሉ።

ከመሐል ሜዳ የደወለች ወጣት፦ «ጓሳ አጠገብ ለማደር አስበናል። ብርዱን ፈርተናል። ከሰል አቀጣጥለን መስኮት ትንሽ ከፈት ብናደርግስ?»

እህቴ፣ በፍጹም። ከሰሉ ቢፋምም፣ ጭሱ ቢጠፋም መኪና ውስጥ አይገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ከፈት ያለች መስኮት አታድንም። የጋዝ ምድጃም ለማብሰያ እንጂ ለማሞቂያ አይሁን። ስታበስሉም በሩን ክፈቱት።

ብርዱ የሚሸነፈው በሽፋን ነው። አንድ ታኅሣሥ ምንም ባልተሸፈነ ሚኒባስ እዚያው አካባቢ አድሬያለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ ጠብታ አረፈች። ባትሪ አብርቼ ቀና ስል የጣሪያው ላሜራ በሙሉ ውሃ አንጠልጥሏል፤ የገዛ ትንፋሻችን ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ደግሞ በረዶ ሠርቶ በጥፍሬ ፋቅኩት። ጠዋት ብርድ ልብሳችን ረጥቦ ነበር።

እናንተ ግን የሱፍ አገር ልጆች ናችሁ። ውጭ አገር መኪና የሚያበጁ ሰዎች የበግ ሱፍ ገዝተው ግድግዳው ውስጥ ይጠቀጥቃሉ። ሱፍ እርጥበት ስቦም ሙቀት ይይዛልና። የመንዝ ዝተትና ባና እያለ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? ከወለሉ ጀምሩ፤ ከላይ ከምትደርቡት ይልቅ ከሥር የምታነጥፉት ይበልጣል። መስኮቶቹን በልካቸው በተቆረጠ ፎም ድፈኑ። ከፊትና ከኋላ ግን አንዳንድ የጣት ስፋት ክፍተት ተዉ፤ ትንፋሹ የሚወጣበት ያስፈልጋል።

ጓሳ ደግሞ የማኅበረሰቡ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ሣሩን ቄሮ በሚባለው ነባር የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የተረፉት በዚያ ጥበቃ ነው። ጠባቂዎቹን አስፈቅዱ፣ በተፈቀደው ቦታ እደሩ፣ ጎማችሁ ሣሩ ላይ እንዳይወጣ።

ከሸዋ ሮቢት የደወለ ወንድማችን፦ «አባቴ ኢንሱሊን ይወስዳሉ። ለሦስት ቀን ይዣቸው ልወጣ ብል የሶላር ፍሪጅ ያስተማምናል?»

ያስተማምናል፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የኮምፕረሰር ፍሪጅ ሞተሩ ሲሠራ 45 ዋት ገደማ ይወስዳል። በእናንተ ሙቀት ከቀኑ ግማሹን ይሠራል ብንል በ24 ሰዓት 540 ዋት-ሰዓት ነው። 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ፣ በ12 ቮልት ሲባዛ፣ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ተራው የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቀምበት፣ አለዚያ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ያለ ፀሐይ አንድ ቀን ነው የሚያቆይህ። ጣሪያው ላይ 200 ዋት ሶላር ካሰርክ በበጋ ጥሩ ፀሐይ በቀን 700 ዋት-ሰዓት ገደማ ታገኛለህ፤ ይበቃሃል። በክረምት ደመና አትመነው። ሞተር ከሚያስነሳው ባትሪ ላይም አትቀጥል።

የሊትየም ባትሪ ብትገዛ አብዛኛውን ጉልበቱን ትጠቀማለህ። ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን ቻርጅ አይደረግም። ወደ ደጋው ስትወጣ አልጋው ሥር፣ ሙቀት ያለበት ቦታ አድርገው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ከቀዘቀዘ አይቀር ብሎ ማቀዝቀዣው ሳህን ላይ ማስጠጋት ስህተት ነው፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ይጣላል። ታርማበር ላይ ደግሞ የሚያሰጋህ ሙቀቱ አይደለም፣ ውርጩ ነው። በጨርቅ ጠቅልለህ ፍሪጁ መሐል አኑረው፤ ርካሽ ቴርሞሜትርም አብረህ አስገባ። አባትህ ጀምረው የሚወጉትን ስንት ቀን ከፍሪጅ ውጭ እንደሚያቆዩ ደግሞ ፋርማሲስታቸውን ጠይቅ።

ከእነዋሪ የደወሉ፦ «ባለ አራት ጎማ ጉተታ የግድ ነው?»

ለበጋ አይደለም። ከፍ ያለ መኪና፣ ጥሩ ጎማ፣ አየር ያለው ስኮርታ፣ አካፋና ገመድ ይበቃል። ከመነሳትዎ በፊት ደግሞ እዚያው አካባቢ ለሚኖር ሰው ይደውሉና መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቁ፤ ሲመሽ አይንዱ።

የጅሩን ዋልካ አፈር ግን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ከረጠበ ጎማው ላይ እንደ ጭቃ ምርጊት ይጠቀለላል፤ አራቱም ጎማ ቢጎትት አራቱም ይሽከረከራሉ። ማታ ሰማዩ ከከበደ እራቱ ይቆይ። መኪናውን መጀመሪያ ወደ ጠጠሩ መንገድ ያውጡት።